ማን ለካው?

እናቴ ውኃን የምትለካው በክንዷ ነበር።

ሐረር ተወልደው ያደጉ አንባቢዎች ነገሬን ሳልጨርሰው ይረዱኛል። በእኛ ሠፈር ውኃ እንደ ክቡር እንግዳ ነበር፤ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ብድግ ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢያችን ቧንቧ ማሳል ይጀምራል። አዎን፣ መጀመሪያ ያስላል። ቀጥሎ አየር ይተፋል፤ ከዚያ ቡናማ ውኃ፣ ከዚያ ንጹሑን ይለቃል። እናቴ ያቺን የመጀመሪያ ሳል ሰምታ ካልጋዋ ትነሣና ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር በሰልፍ ታቆመዋለች። እኔና እህቴ ዓይናችንን እያሻሸን እናመላልሳለን። ጎሕ ሲቀድ በማድ ቤቱ ጥግ የቆመው በርሜል እስከ አፉ ይሞላና በላዩ ላይ የእንጨት ክዳን ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ ውኃ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያውቅ አንድ አምላክ ብቻ ነው።

ታዲያ እናቴ በየማታው ክዳኑን ታነሣና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በርሜሉ ውስጥ ቁልቁል ትሰዳለች። ውኃው ክርኗ ላይ ሲደርስ «ነገ ልብስ ይታጠባል» ትላለች። እጇን አንጓው ላይ ሲነካት «ለወጥና ለመጠጥ ብቻ» ትላለች። የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ያረጠበ ዕለት ደግሞ ምንም አትልም፤ ክዳኑን ቀስ አድርጋ ትመልሰዋለች። እኛ ልጆቹ የክዳኑን ድምፅ ሰምተን ፊታችንን በስንት ጣሳ መታጠብ እንዳለብን እናውቅ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ነች። ነገር ግን በዕድሜዬ ካየኋቸው ተመራማሪዎች መካከል የመጀመሪያዋ እርሷ እንደነበረች የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ያ ውኃ ከየት ይመጣ ነበር? ከአለማያ። ዛሬ በጥንት ስሙ ሐረማያ የምንለው ሐይቅ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቶ፣ ከ1950ዎቹ አንሥቶ ለሐረር ከተማ ውኃ ያጠጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ በሎንቺና ወደ ድሬዳዋ ስናልፍ በመስኮት አየዋለሁ። ሰማዩ ወርዶ ሜዳው ላይ የተነጠፈ ይመስለኝ ነበር። ያ ሁሉ ውኃ እያለ የኛ ቧንቧ ለምን እንደሚያስል ግን አይገባኝም። እናቴን ስጠይቃት «መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ደክሞት ነው» ትለኝ ነበር።

* * *

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምኞቴ ሐኪም መሆን ነበር። ውጤቴ አልደረሰምና ባዮሎጂ ተመደብኩ። አራት ኪሎ ከሚገኘው የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ እንደኔው ሐኪምነት ያመለጣቸው ልጆች ብዙ ነበሩ። በየላውንጁ ተቀምጠን ስናለቃቅስ ለተመለከተን ሰው ሐኪም ሳይሆን አስታማሚ የሚያሻን እንመስል ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን ስለ አካባቢና ስለ ሰው ልጅ ጫና የሚያስተምሩን አንድ መምህር ገጠሙኝና ልቤን ሰብስቤ መቀመጥ ጀመርኩ።

መምህሩ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጠመኔ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አንዲት ልማድ ነበረቻቸው። ተማሪ ተነሥቶ አንድ ቁጥር ሲጠራ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና «ማን ለካው? በምንስ ለካው?» ይላሉ። መጀመሪያ ያሳቀን ነበር። አንድ ቀን ግን ከመካከላችን ጎበዝ የሚባለው ልጅ ተነሥቶ፣ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የሸመደድነውን አለ፤ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ከ3 በመቶ በታች ነው።»

ጠመኔው ጠረጴዛው ላይ ዐረፈ። «ማን ለካው?»

ልጁ ዝም አለ። «ከመቶ ዓመት በፊት አገሩን ሁሉ የዞረው ማን ነው? በአውሮፕላን ነው? በገመድ ነው? በበቅሎ ነው?» ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። የዚያን ቀን መምህሩ ላይ ተቆጥተን ወጣን፤ አገር የሚያውቀውን ሐቅ የካዱ መስሎን ነበር። ኋላ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄምስ ማካን የተባለው የአፍሪካ ታሪክ ተመራማሪ ይህንኑ ቁጥር ወደ ኋላ ተከትሎ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ የኖረ እንጂ በልኬት ላይ የቆመ እንዳልሆነ ሲጽፍ የመምህሬ ጠመኔ ትዝ አለኝ። ይህ ማለት ግን ደን አልተጨፈጨፈም ማለት አይደለም። ተጨፍጭፏል፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ማለቴ፣ ያልለካነውን ጥፋት ስንናገር ማን ምን ያህል እንዳጠፋ ማወቅ አንችልም። ማን እንዳጠፋ ያልታወቀበት ጥፋት ደግሞ ሁልጊዜ የሚለጠፈው ጉልበት በሌለው ሰው ላይ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ራሴ አድርጌው ነው የተማርኩት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

* * *

የመመረቂያ ጥናቴን ርእስ ስመርጥ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። የእናቴ በርሜል ምንጭ የሆነውን ሐይቅ አጠናለሁ አልኩ። የካቲት 1988 ዓ.ም. የሴሚስተሩ ዕረፍት ላይ አንድ ጥቅል ገመድ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ አሮጌ ካርታና አንድ ክብ ቆርቆሮ ይዤ አለማያ ወረድኩ። ቆርቆሮው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር የተቀባ ነው። አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣልያናዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. ባሕር ውስጥ የሞከረው መለኪያ ነው። በገመድ አንጠልጥለህ ወደ ውኃው ትሰደዋለህ፤ ከዓይንህ የተሰወረበትን ጥልቀት ትመዘግባለህ። ውኃው ጥርት ያለ ከሆነ ሩቅ ይሄዳል፤ አፈር የበዛበት ከሆነ ወዲያው ይሰወራል። የኔ ቆርቆሮ ክንድ ያህል እንኳ ሳይወርድ ጠፋ። «ክንድ» ብዬ ስጽፍ የእናቴ ክንድ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በጀልባው የወሰደኝ ዓሣ አጥማጅ በጎሪጥ አየኝ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ካርታውን ዘርግቼ፣ ካርታው «ውኃ» ብሎ በሰማያዊ ቀለም ባሳየው ቦታ ላይ ስቆም እግሬ አልረጠበም። ድንች መካከል ነበር የቆምኩት። ከድንቹ ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርቱ በላይ፣ ተዳፋቱን ይዞ፣ ጫት። ሐይቁ ባፈገፈገ ቁጥር ሰው ተከትሎት ወርዷል።

ነገሩን ከሥሩ፣ ውኃውን ከጥሩ ነውና የሐይቁን ጠባይ ላስረዳ። ሐረማያ መውጫ የለውም። ዙሪያውን ካሉት ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ ይገባበታል፤ ወንዝ ሆኖ የሚወጣ ውኃ ግን የለም። የመጣው ውኃ ወይ በፀሐይ ይተናል፣ ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ወይ ሰው ይቀዳዋል። በዚያ ከፍታ ላይ ፀሐይ ከአንድ ሐይቅ ፊት በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ውኃ ታነሣለች። ፀሐይ የምትወስደው ደግሞ በስፋቱ እንጂ በጥልቀቱ አይደለም። ጥልቅ ሐይቅ አንድ ሜትር ቢወሰድበት አይሰማውም። ጥልቀት የሌለው ግን እንደ ዝርግ ሳህን ነው፤ ቀን ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት ማታ ባዶውን ያገኙታል። ሐረማያ ድሮም ትንሽ ነበር፤ ስፋቱ አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በደኅናው ዘመን ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ስምንት ሜትር ገደማ ነበር። ኮረብቶቹ ሲራቆቱ ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ሐይቁ ውስጥ ይደፋው ጀመር። ሐይቁ ከላይ በፀሐይና በሞተር ሲቀነስ ከታች በደለል ይሞላል። ከሁለት ወገን ተያዘ።

ሦስት ቀን ሙሉ በእግሬ ዳርቻውን እየዞርኩ ሞተር ቆጠርኩ። ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። አፋቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ሌላውን ጫፍ በረጅም ጎማ ወደ ማሳው ያዞራሉ። ከርቀት ሲሰሙ አንድ ትልቅ ንብ የሚያጓራ ይመስላል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በእያንዳንዱ ሞተር አንድ ሰረዝ እያሰመርኩ ስሄድ፣ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው ከሞተሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ጠራኝ። ሐጂ ይሉታል፤ እኔም ሐጂ አልኩት።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ሞተር እየቆጠርኩ ነው፣ ሐጂ።»

«ለመንግሥት ነው?»

«ለትምህርት ቤት ነው።»

ሳቀ። ከጎኑ አስቀመጠኝና ከፊቱ ካለው እቅፍ ላይ ለጋውን መርጦ ሰጠኝ። ዳዊት ደጋሚ ጎረቤቶቼ ይህን ባያነቡ እወዳለሁ እንጂ፣ ተቀበልኩት። ከዚያ ያላነበብኩትን ምጣኔ ሀብት አስተማረኝ። ክረምት ላይ ጫት ሁሉም ማሳ ላይ አለ፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። በጋ ላይ ግን ውኃ ያለው ሰው ብቻ ነው ለጋ ቅጠል ያለው። ሌሊት ተቀጥፎ፣ አወዳይ ገበያ ደርሶ፣ ከዚያ እስከ ጂቡቲ የሚሄደው የበጋ ጫት ዋጋው ሌላ ነው። «አባቴ ቡናና ማሽላ ነበረው» አለኝ። «ቡናው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ እሱንም ዋጋው ሲወድቅ እናለቅሳለን። ይኼ ግን ልጆቼን አስተምሯል፤ ይኸውና ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ወላሂ፣ ጫት ባይኖር አንዱ ልጄ እንኳ ያንተን ደብተር አይዝም ነበር።»

«ሐይቁ ግን እየሸሸ ነው፣ ሐጂ» አልኩት።

«አውቃለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ይኼ ጎማ ሃያ እርምጃ ያጥር ነበር። በየዓመቱ እቀጥልበታለሁ።»

ደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት ትልቁ ግኝት ይኼ ነበር። ሰውየው የሐይቁን ሽሽት በጎማው ርዝመት ለክቶታል! የኔ ገመድ ከማወቁ በፊት እርሱ ያውቀዋል።

«ታዲያ ለምን አታቆሙም?»

ሐጂ ቅጠሉን በጉንጩ እያመቻቸ ትንሽ ዝም አለ። «እኔ ባቆም ያ ሰውዬ ያቆማል?» አለና ወደ ጎረቤቱ ሞተር ጠቆመ። ቀጥሎ እጁን አንሥቶ ከወዲያ ማዶ ዳር ላይ ያለውን የሲሚንቶ ቤት አሳየኝ። የሐረርን ውኃ የሚስበው ትልቁ ፓምፕ ያለበት ቤት ነው። «ያንንስ ቆጥረኸዋል?»

ዝም አልኩ።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የሐረር።»

«ቤታችሁ ቧንቧ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ አንተም ሞተር አለህ።»

* * *

ወደ ሐረር ተመልሼ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከሐይቁ በቀን ስንት ሜትር ኪዩብ ውኃ እንደሚሳብ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ነገ ና አለኝ። በነጋታው የመዝገቡ ኃላፊ የለቅሶ ቤት ሄዷል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን አልተመለስኩም። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩን ባለማግኘቴ ብዙም አላዘንኩም። ሌሊት ቧንቧው ሲያስል እናቴ ተፈናጥራ ስትነሣ እያየሁ፣ ያንን ውኃ በጥፋት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ከበደኝ። የሐጂ ውኃ ጫት ሆነ፤ የእናቴ ውኃ ግን ሽሮ ሆነ፣ የታጠበ ዩኒፎርም ሆነ። እንዴት አንድ ላይ ይደመራሉ? አልኩ።

እናም ጽሑፌን ስጽፍ የሞተሮቹን ቁጥር በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ጫቱን ዘረዘርኩ። የኮረብቶቹን መራቆት አተትኩ። የከተማውን ፓምፕ ግን «ለመጠጥ አገልግሎትም ይውላል» በምትል ግማሽ መስመር አለፍኩት። በመደምደሚያዬ «የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ያላቸው ግንዛቤ ዝቅተኛ መሆኑ» ብዬ ጻፍኩ። ጎማውን በየዓመቱ እየቀጠለ ሐይቁን የሚለካውን ሰው ግንዛቤ የለውም አልኩት! መምህሬ ጽሑፉን አንብበው ጥሩ ውጤት ሰጡኝ። በዚያ ዓመት የሚያርሙት ወረቀት በዝቶባቸው ነበር መሰለኝ፣ «ማን ለካው?» አላሉኝም። እንዲሉኝ ስጠብቅ ነበር። አለመጠየቄ ዕፎይታ ሆነኝ፤ ቆይቶ ግን ከጥያቄው የባሰ ዕዳ ሆነብኝ።

ተመረቅሁ፤ አዲስ አበባ አስተማሪ ሆኜ ቀረሁ።

በ1997 ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። የደረቀው ደግሞ የሰው ልጅ እንደሚሞተው ነው፤ ሲታመም ብዙዎች አይተውት ነበር፣ የሞተ ዕለት ግን ሁሉም ደነገጠ። በጎረቤቱ የነበረው የአዴሌ ሐይቅም ደርቋል። በዚያው ዓመት ለእረፍት ስወርድ ከአውቶቡስ ወርጄ በልጅነቴ ሰማይ ይመስለኝ በነበረው ሜዳ ላይ በእግሬ ሄድኩ። መሬቱ እንደ ተሰባበረ ምጣድ ተሰነጣጥቋል። ከብቶች ይግጣሉ። አንዲት ጀልባ በጎኗ ተጋድማለች። የካርታውን ሰማያዊ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ጫማዬ ሳይረጥብ አቋረጥኩት።

ሐረር ገብቼ እናቴን ሳገኛት በርሜሉ በቦታው አለ። ቧንቧው ግን ማሳሉንም ትቶታል። ውኃ በጀሪካን ይገዛል። እናቴ አርጅታለች፤ ክንዷን ወደ በርሜሉ ስትሰድ ወገቧን በሌላው እጇ ትደግፋለች። «ሐይቃችሁን ማን ጠጣው?» አለችኝ። እኔ ስላጠናሁት ሐይቁ የኔ ይመስላት ነበር። መልስ አልነበረኝም። የሚገርመው፣ መልሱ በእጇ ላይ ነበር፤ ከክርኗ በታች እርጥብ ሆኖ ይንጠባጠብ ነበር።

በነጋታው ሐጂን ፈልጌ አገኘሁት። ሸምግሏል፤ ጢሙን ሂና ቀብቶታል። ሐይቁ በነበረበት መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሞተሩን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጧል። «ውኃው ወደ ታች ወረደ፤ እኛም ተከተልነው» አለኝ። እንደ ድሮው ለጋውን መርጦ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩትን ነገርኩት። «ሐጂ፣ ያኔ ያንተን ሞተር ቆጥሬ የከተማውን ሳልቆጥር ጻፍኩ። ጥፋቱን እናንተ ላይ አደረግሁት።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ማን አነበበው?»

«አስተማሪዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።»

«እንግዲያ ምን አስጨነቀህ? እውነቱንም ብትጽፈው እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር።»

ይቅር ያለኝ መስሎኝ ለመሳቅ ስዘጋጅ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም።

* * *

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ፤ የሐጂ ንግግር ግን ከሁሉ በላይ ሆኖ ይታየኛል። ተማሪ ሳለን ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈው ስለ ጋራ ሀብት ጥፋት የሚናገር ጽሑፍ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይጠቀስልን ነበር። የጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ እረኛ አንድ በግ መጨመር ያዋጣዋል፤ ሁሉም ሲጨምር ግን ግጦሹ ያልቃል። መፍትሔው ወይ መንግሥት ይያዘው ወይ ግለሰብ ይያዘው የሚል ነበር። ሐጂ «እኔ ባቆም ያ ሰውዬ ያቆማል?» ሲለኝ ሃርዲንን ሳያነብ ጠቅሶታል። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች አሜሪካዊት ምሁር ግን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳየች። በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ በስፔን መስኖዎች፣ በጃፓን መንደሮች ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት ጠብቀው እንደኖሩ ጽፋለች። ከምሥጢራቸው አንዱ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው እየተያዩ መቆጣጠራቸው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ሲሰጣት፣ ሽልማቱን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መጽሐፏን ስዘጋ በሐረማያ ዳር የነበረውን አሰብኩ። ሐጂ የጎረቤቱን ሞተር ያያል፤ የከተማውን ፓምፕ ቤት ያያል፤ ውስጡን ግን አያይም። እናቴ ቧንቧዋን ታያለች፤ ሐይቁን አታይም። ሁሉም የሌላውን ድምፅ እንጂ የሌላውን ልክ አያውቅም ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በእኛ ሐይቅ ላይ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጌጥ የነበረው ሞተር ለአንዱ ሐይቅ ሸክም ሆነበት።

ውኃ መቀነስ ብቻ ነው ጥፋቱ ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ደግሞ የኪሎሌን ታሪክ ልንገረው። ደብረ ዘይት፣ ማለትም ቢሾፍቱ አጠገብ ያለ ሐይቅ ነው። የሐረማያን ሐይቅ መክሳት ለዓመታት ሲከታተሉ የነበሩት ኢትዮጵያዊው የውኃ አካላት ተመራማሪ ብሩክ ለማ በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ሐይቆች ጎን ለጎን አድርገው ጽፈዋል። ኪሎሌ ጨዋማ ሐይቅ ነበር፤ ውኃውን አረንጓዴ ያደረገውን ጥቃቅን ተክል የሚለቅሙ ፍላሚንጎዎች ይኖሩበት ነበር። በ1981 ዓ.ም. ገደማ ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባበት። ሐይቁ ሞላ፣ ጨውነቱ ጠፋ፤ ያ ተክል ሞተ፤ ፍላሚንጎዎቹም ተሰደዱ። አንዱን ሐይቅ ወስደንበት ገደልነው፤ ሌላውን ሰጥተነው ሌላ አደረግነው። ሁለቱንም ያደረግነው ለበጎ ብለን ነው።

ዛሬ እኔም ጠመኔ ይዤ ተማሪ ፊት እቆማለሁ። አዲስ ክፍል ስረከብ የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሃርዲንንም ኦስትሮምንም አላነሣም። «ለአንድ ሳምንት ቤታችሁ የሚፈጀውን ውኃ በባልዲ ለክታችሁ አምጡ፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ» እላለሁ። ይስቃሉ። በሳምንቱ ሲመጡ ግን አይስቁም። አንዷ ልጅ «አባቴ መኪናውን የሚያጥብበትን ልጨምር ወይስ ልተወው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። ምን እንዳልኳት አንባቢ ይገምታል። እርሷ ግን መቼም ለምን ዓይኔ እንደ ረጠበ አታውቅም።

ሐረማያን ደግሞ የሞተ ብዬ እንዳልደመድመው ውኃው ራሱ ከለከለኝ። ደርቆ ከከረመ በኋላ፣ በ2010ዎቹ ዓመታት ውስጥ ውኃ ተመለሰበት። ዝናቡ መልካም ሆነ፤ በኮረብቶቹም ላይ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝ ተተክሏል። ለሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ስለሚመጣለት ሸክሙ ቀሎለታል። ሰምቼ አላመንኩም፤ ወርጄ አየሁት። ወፎቹ ማንም ሳይጠራቸው መጥተዋል። ዳር ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ከወዲያ ማዶ አንድ ንብ የሚያጓራ ይመስላል። ሐጂ አልፏል። ሞተሩ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይልቅ ከሻንጣዬ ውስጥ ያንን አሮጌ ቆርቆሮ አወጣሁና በገመድ ወደ ውኃው ሰደድኩት። ልኩን በደብተሬ ጻፍኩ። በዚያው ገጽ ላይ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ «የከተማው ፓምፕ፦ አልተለካም» ብዬ ጨመርኩ።

ማታ ሐረር እናቴ ዘንድ አደርኩ። ማድ ቤቱ ጥግ የነበረው በርሜል የለም። እህቴ በቦታው ትልቅ ጥቁር ሮቶ አስቀምጣላታለች፤ አፉ ከጣሪያው በታች ነው፣ ክንድ አይደርስበትም። እናቴ በምርኩዟ አጠገቡ ቆማ ጎኑን በጣቷ ታንኳኳለች። ከላይ ጀምራ፣ ወደ ታች፣ ድምፁ እስኪለወጥ ድረስ። ከዚያ እዚያው ላይ እጇን አስቀምጣ ወደኔ ዘወር አለች።

«ነገ ልብስ ይታጠባል» አለችኝ።